ሳጥኑ ይዘፍን ነበር

በእኔ ሱቅ አንድ ሕግ አለ፤ የከፈተ ይዘጋል። ኮምፒውተርም ይሁን ፕሪንተር፣ ብሎኑን መጀመሪያ የፈታው ሰው እስከ መጨረሻው ይወጣዋል። ሌላው እጁን አያስገባም፤ ካልተጠየቀ ደግሞ አፉንም አያስገባም። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ያወጣሁትም ከተቃጠልኩ በኋላ ነው። ድሮ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር በሽርክና ስሠራ አንዱን ማሽን ሁለታችንም እንከፍተው ነበር። ደንበኛው ሲመጣ እሷ ወደኔ ትጠቁማለች፣ እኔ ወደሷ እጠቁማለሁ። በመጨረሻ ደንበኛውም ሄደ፣ ጓደኝነቱም ሄደ፤ የተበላሸው ማሽን ብቻ ቀረልኝ።

ባሌ እኔ ጋ መሥራት ሲጀምር ይህንኑ ነገርኩት። ሳቅ ብሎ «እሺ አለቃዬ» አለኝ። የመጀመሪያ ቀን አለቃዬ ሲለኝ እኔም ሳቅሁ። ውሎ ሲያድር ግን ቃሏ ጫማ ውስጥ እንደገባች ጠጠር ትቆረቁረኝ ጀመር፤ ደስ ሲለውም ሲከፋውም ያው አለቃዬ ነበር የሚለኝ።

ከዚያ በፊት የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የኔትወርክ ባለሙያ ነበር። የጉልምስና ዕድሜውን የጨረሰው ሰርቨሮች እንደ ቁም ሳጥን በተደረደሩበት፣ ማራገቢያዎች ሌት ተቀን በሚያጓሩበት ክፍል ውስጥ ነው። ከዚያ ያሰናበቱት በሥራ ላይ ተኝቶ ተገኘ ብለው ነው። የክፍሉ ማቀዝቀዣ ቆሞ የሙቀት ደወሉ ሲጮህ፣ እሱ ከደወሉ ሥር ተቀምጦ ሳይነሳ ቀረ፤ በዚህም ውድ ውድ ማሽኖች ተቃጠሉ። «ተኝተህ ነበር?» ብለው ሲጠይቁት «አዎ» አለ። ቤት ሲመጣ እኔም ጠየቅሁት። ለእኔም «አሸለበኝ» አለኝ። አመንኩት። እንዲያውም ስናደድ «አንተ እንቅልፋም» ያልኩበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ታላቅ ወንድሙ ሩቅ ከተማ ውስጥ የሲሚንቶ መጋዘን አለው። ወሬውን ሲሰማ «ና አስተዳድርልኝ» አለው። እዚያ የሄደ ሰው ቤቱን የሚያየው ከስንት አንዴ ነው፤ ልጃችን ገና ትንሽ ናት፤ እኔ ደግሞ ባል ያገባሁት በስልክ ልናፍቀው አይደለም። ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ባሌ ቁርጡን ነገረኝ። «እዚህ አንድ ሥራ ብቻዬን ልሥራ። ከሆነልኝ እቀራለሁ። ካልሆነልኝ እሄዳለሁ፤ የሚስቴ ጥገኛ ሆኜ አልኖርም» አለ። ሲወስን ድንጋይ ነው፤ አውቀዋለሁ። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ቀላል እንዲሆንለት በልቤ ስለት ተሳልኩ ማለት ይቻላል።

የመጣው ሥራ ይህ ሳጥን ነበር።

ያመጣችው የአንድ ክሊኒክ ዋና ነርስ ናት፤ ሲስተር ነው የምንላት። በኢንተርኔት ሰርጎ ክሊኒኩ ኮምፒውተሮች ውስጥ የገባ ሰው የበሽተኞችን መዝገብ በሙሉ ቆልፎባቸው፣ ሳምንት ያህል በወረቀት ሲሠሩ ከርመዋል። ከዚያ በኋላ ፋየርዎል የሚባለው ሶፍትዌር ይጫንልን አሉ። ፋየርዎል ማለት በር ላይ እንደሚቆም ዘበኛ ነው፤ ከኢንተርኔት ወደ ኮምፒውተሮቻቸው የሚገባውንና የሚወጣውን እየፈተሸ ያሳልፋል። ዘበኛው የሚያርፍበትን ባዶ ሳጥን ገዝተው ነው የመጡት። ጥቁር፣ ብረት፣ ከወፍራም መጽሐፍ የማይበልጥ፣ ከኋላው የኔትወርክ ቀዳዳዎች የተደረደሩበት ነው። ስክሪን የሚሰካበት ግን የለውም። ከሳጥኑ ጋር ለመነጋገር በአንዲት ቀጭን ገመድ ከላፕቶፕ ጋር ታገናኘዋለህ፤ የሚለው ነገር በጽሑፍ ላፕቶፑ ላይ ይመጣል።

«ቶሎ በሉልኝ» አለች ሲስተር። «ይህ ሳምንት ሳያልቅ ካልወሰድኩት ሐኪሙ ሌላ ቦታ ውሰጂው ብሎኛል።»

ባሌ ሳጥኑን ተቀበላት፤ ብሎኑን ፈታ። በሕጋችን መሠረት ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሳጥኑ የሱ ነው።

መጀመሪያ ሳጥኑ ፍላሹን አላይ አለ። ባሌ ሶፍትዌሩን በፍላሽ ገልብጦ ሲሰካለት፣ ሳጥኑ ምንም እንዳልተሰካበት ሁሉ ባዶ ሆዱን ፈልጎ ፈልጎ «የምነሳበት የለኝም» የሚል መልእክት ያወጣል። ባሌ ፍላሹን እንደገና በሌላ መንገድ ጻፈው። ከዚያ የሳጥኑ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ መጀመሪያ ፍላሹን እንዲያይ አዘዘው። እሺ ብሎ ተነሳለት። ተጭኖ አለቀ። ባሌ ግን ፍላሹን ሳይነቅል ስላስነሳው ሳጥኑ ከሀ ጀምሮ ልጫን አለ። ይህን ጊዜ በራሱ ሳቀ፤ እኔም ከጠረጴዛዬ ሆኜ በልቤ ሳቅሁ። ይህ ስህተት የደረሰበት ሰው ብቻ ነው ባለሙያ የሚባለው።

ፍላሹን ነቅሎ አስነሳው። ላፕቶፑ ላይ ጽሑፉ እየተግተለተለ ወረደ፣ ወረደ፣ ወረደና ቀጥ አለ። ባሌ ጠበቀ። ጽሑፉ አልተንቀሳቀሰም። ጥቂት ቆይቶ ከሳጥኑ ሆድ ውስጥ ቀጫጭን ድምፆች፣ አንዱ ካንዱ ከፍ እያለ፣ ቲን ቲን ቲን ብለው ወጡ።

እኔ ሥራዬን ትቼ ቀና አልኩ። ይህን ሶፍትዌር ለሌሎች ደንበኞች ጭኜዋለሁ፤ አመሉን አውቃለሁ። ተነስቶ ሲጨርስ ይዘፍናል። እንኳን ደስ ያለህ ልለው አፌን ስከፍት ባሌ እጁን ሰደድ አድርጎ የመብራቱን ገመድ ነቀለ።

«ምን ሆነ?» አልኩት።

«ቆመ» አለኝ። «መሐል ላይ ቀጥ ይላል።»

ዝም አልኩ። ካልተጠየቀ አይመክርም ያልኩት እኔው ነኝ። ደግሞም ሳጥን ሲዘፍን የሰማ ሰው «ምንድን ነው ይሄ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ሲጠይቀኝ እነግረዋለሁ አልኩ። አልጠየቀኝም። መሐል ላይ ስለነቀለው በሚቀጥለው ሲያስነሳው ደግሞ የተሰባበረ ፋይል አለብኝ እያለ አለቀሰበት፤ እንደገና ከመጀመሪያው ጫነው። ጽሑፉ ወርዶ ቀጥ አለ። ሳጥኑ ዘፈነ። ባሌ ነቀለው።

በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። ፍላሽ ቀየረ፣ ገመድ ቀየረ፣ የቆየ የሶፍትዌሩን ቅጂ ፈልጎ ጫነ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። በየመጨረሻው ጽሑፉ ይቆማል፣ ሳጥኑ ይዘፍናል፣ ባሌ ይነቅላል። አንድ ጊዜማ ሳጥኑ ሲዘፍን እሱ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብሎ አገጩን በእጁ ደግፎ ነበር። ዓይኑ እንኳን አልተንቀሳቀሰም።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እኔ ግን ዝም ባልኩ ቁጥር ሆዴ ውስጥ የሚነቅዝ ነገር አለ። ነገር መገጣጠም ጀመርኩ። ከኋላው ስጠራው አይመልስልኝም። ስልክ ሲጠራ «አንቺ አንሺው፣ አለቃ አንቺ ነሽ» ይለኛል። ራት ላይ ቀልድ ስናገር ልጃችን ስቃ ከጨረሰች በኋላ ነው እሱ የሚስቀው። ልጃችን እንኳን ሲሰለቻት አገጩን በሁለት እጇ ይዛ ፊቱን ወደራሷ እያዞረች ነው የምታወራው። ይህን ሁሉ ደምሬ አንድ መልስ አገኘሁለት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎኛል። በሚስቱ ሱቅ መሥራት አሳፍሮታል። ልሂድ ብሎ በግልጽ እንዳይለኝ ፈርቶ፣ ሥራው አልሆነልኝም ብሎ ሊሄድ ሳጥኑን ሆን ብሎ እየገደለው ነው።

ይህን ካሰብኩ በኋላ እያንዳንዱ ቲን ቲን ቲን ጥርሴን ያስነክሰኝ ጀመር።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ወንድሙ ደወለ። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። «አውቶቡሱ ላይ ቦታ ልያዝለት ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ» አለኝ። ለባሌ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና «ይያዝልኝ፤ ይህ ነገር የሚሆን አይመስለኝም» አለ። ከዚያ ዞሮ ሳጥኑን ሰካው። ጽሑፉ ወረደ። ቀጥ አለ። ሳጥኑ ዘፈነ። እጁ ወደ ገመዱ ሲሄድ አየሁ።

«እስከ መቼ ነው የምትነቅለው?» አልኩት ከኋላው።

አልመለሰልኝም፤ ነቀለው። ተነስቼ ጠረጴዛውን በመዳፌ መታሁት። ደንግጦ ዞረ።

«ምነው አለቃዬ?»

«አለቃዬ አትበለኝ! ወንድምህ ጋ መሄድ ካማረህ ሻንጣህን አንሳና ሂድ። የሰው ዕቃ እየገደልክ አልሆነልኝም ብለህ ልትሄድ ነው? ሞኝ መሰልኩህ?»

«ምን እያልሽ ነው? ይቆማል እኮ። እያየሽው አይደል? እዚህ ይደርስና ቀጥ ይላል።»

«ጽሑፉ ይቆማል፤ ሳጥኑ ግን ይዘፍናል! ባስነሳኸው ቁጥር ይዘፍናል! ዘፍኖ ሳይጨርስ ነው አንገቱን የምታንቀው!»

አፉን ከፈት አድርጎ አየኝ። ከዚያ ዓይኑ ወደ ሳጥኑ ሄደ፤ ሳጥኑን እንደማያውቀው ሰው ትኩር ብሎ አየው፤ ተመልሶ እኔን አየኝ።

«እሱማ ይዘፍናል» አለኝ። «ድምፁ ምንም ማለት አይደለም። ሁሉም ማሽን ድምፅ ያወጣል።»

ይህን ሲል የሸሚዙን እጅጌ መጠቅለል ጀመረ። ባሌ ሲዋሽ እጅጌውን ይጠቀልላል፤ ይህን እኔና እናቱ ብቻ ነን የምናውቀው። ግን ምኑን ነው የሚዋሸኝ? ሰምቶ አልሰማሁም ቢለኝ ይገባኝ ነበር። እሱ ግን ሰማሁ እያለኝ ነው እጅጌውን የሚጠቀልለው። ቁጣዬ መሐል መንገድ ላይ ቆመ።

«እሺ» አልኩት። «አሁን አስነሳው። ሲዘፍን ንገረኝ።»

«የልጅ ጨዋታ ነው?»

«አስነሳው።»

ሰካው። ሁለታችንም ቆመን ጠበቅን። ጽሑፉ ላፕቶፑ ላይ እየተግተለተለ ወረደ። ባሌ ግን ላፕቶፑን አያይም፤ ሳጥኑንም አያይም። የሚያየው እኔን ነው። ዓይኔን፣ ቅንድቤን፣ ከንፈሬን፣ አንድ በአንድ። ነገር በዓይን ይገባል ሲባል እሰማ ነበር፤ እንደዚያ ቀን ግን በዓይን ሲገባ አይቼ አላውቅም። ጽሑፉ ቆመ። ሱቁ ጸጥ አለ። በዚህ መሐል ከውጭ የሆነ ሰው በመስተዋቱ አጠገብ ሲያልፍ ዓይኔ ለአፍታ ወደ በሩ ሸሸ።

«ይኸው» አለ ባሌ ቶሎ ብሎ። «ዘፈነ። ሰምቻለሁ።»

ሳጥኑ ገና ምንም አላለም ነበር።

ጥቂት ቆየና ሳጥኑ ቲን ቲን ቲን አለ። ባሌ አሁንም ፊቴን እያየ ነው፤ ፊቱ ላይ «አላልኩሽም?» የሚል የረታ ሰው ፈገግታ አለ። አጠገቤ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አብሬው ስበላ፣ አብሬው ስተኛ፣ ስጣላው፣ ስታረቀው ኖሬ፣ ይህን የሚያህል ነገር ቤቴ ውስጥ ተቀምጦ አላየሁትም።

«አሁን ነው የዘፈነው» አልኩት፤ እንዲያየኝ ቀና ብዬ። «ቅድም አልዘፈነም ነበር።»

ፈገግታው ቀስ ብሎ ወረደ። እጅጌውን መልሶ ዘረጋ። ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት።

«አላውቅም። ቀስ እያለ ነው የሄደው። ወፍራም ድምፅ እሰማለሁ። መኪና እሰማለሁ። አንቺንም ፊትሽን እያየሁ ከሆነ እሰማሻለሁ። የጠፋብኝ ቀጭን ቀጭኑ ነው። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት የሚንጫጩት ወፎች ዝም አሉ። የሄዱ መስሎኝ ነበር፤ ወቅቱ ነው ብዬ ተውኩት።»

«ሐኪም ጋ ሄደሃል?»

«አንዴ። የማራገቢያ ጩኸት የበላው ጆሮ አይመለስም አለኝ። መስሚያ አድርግ አለኝ። መስሚያ አድርጌ ቢሮ ልግባ?»

ያን ጊዜ የመሥሪያ ቤቱ ደወል ትዝ አለኝ። ልጠይቀው ፈራሁ፤ ጠየቅሁት።

«ነቅቼ ነበር» አለኝ። «ከደወሉ ሥር ተቀምጬ ሥራዬን እየሠራሁ ነበር። ሙቀቱ ፊቴን ሲለበልበኝ ነው ቀና ያልኩት። ሰዎቹ በሩን ከፍተው ሲገቡ ሁሉም ጆሯቸውን ይዘዋል። ያን ያህል ይጮህ ነበር ማለት ነው።»

«ታዲያ ተኝቼ ነበር ለምን አልክ?»

«እንቅልፋም ሰው ነገ ይነቃል። ደንቆሮን ማን ይቀጥራል?»

ይህን ሲል ድምፁ አልተንቀጠቀጠም፤ ብዙ ጊዜ ለራሱ ሲለው የኖረ ነገር መሆኑ ያስታውቅ ነበር። እኔ ግን አለቀስኩ። ማልቀሴ ደግሞ አናደደኝ።

«ለእኔስ? ለእኔም ነው ተኝቼ ነበር የምትለኝ? እኔ ቀጣሪህ ነኝ?»

«አንቺ እንቅልፋም ስትይኝ ደስ ይለኝ ነበር» አለኝ። «አላወቀችም እል ነበር።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ልክ ነው፤ ግን ደባቂው ብቻውን አይደብቅም፤ የማያይ ሰው ከጎኑ ያስፈልገዋል። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ልጃችን እንኳን አገጩን ይዛ ማዞሩ እንደሚሻል ማንም ሳይነግራት ደርሳበታለች፤ እኔ ትልቋ ሴትዮ ግን ኩራት ነው፣ ንቀት ነው፣ ሴራ ነው እያልኩ ስም ስሰጠው ከረምኩ። ሲሚንቶ መጋዘን ለምን እንዳማረውም ያን ጊዜ ገባኝ። ሲሚንቶ ማንንም አይጠራም።

በመካከላችን ሳጥኑ መብራቱን እያበራ ቁጭ ብሏል። ባሌ ወደሱ ዞረ።

«ለመሆኑ የሚዘፍነው ምን ሲሆን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ሱቄ ከገባ ጀምሮ አንድ ነገር ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነው።

«ተነስቶ ሲጨርስ» አልኩት። «ጨርሻለሁ፣ ሥራ ላይ ነኝ ማለቱ ነው።»

ጣቱ በጠረጴዛው ላይ ወዲያ ወዲህ ይል ነበር። ከዚያ ድንገት ግንባሩን መታ።

«ታዲያ ደህና ነው እኮ! ከመጀመሪያውም ደህና ነበር! የቆመው እሱ ሳይሆን ጽሑፉ ነው። የሚያወራው ለስክሪን ነው፤ ስክሪን የለውም። በገመዱ በኩል አውራ ያለው የለም!»

ከዚያ በኋላ ያየሁት ባሌ የድሮው ባሌ ነው። ሳጥኑን እንደገና አስነሳው፤ ጽሑፉ መውረድ ከመጀመሩ በፊት ያለችውን አጭር ፋታ ጠብቆ አስቆመው፤ ንግግርህን በዚህ ገመድ አውጣ የምትል አንዲት ትእዛዝ ጻፈለት፤ ለሁልጊዜም እንዲያስታውሳት አደረገ። ሻይ እስኪፈላ እንኳን አልፈጀበትም። ጽሑፉ ወረደ፤ የሚቆምበት ቦታ ደረሰ፤ አልፎት ሄደ። በመጨረሻ ሳጥኑ የሚጠይቀውን ሁሉ ደርድሮ ቁጭ አለ። ዘፈነም። ባሌ ወደኔ አየ፤ እኔም ራሴን ነቀነቅሁለት። እጄን አላስገባሁም፤ ሕጉ ሕግ ነው።

ደስ ይለዋል ብዬ ስጠብቅ ላፕቶፑን ዘጋና ፊቱን በእጁ ጠረገ።

«ብቻዬን አልሠራሁትም» አለኝ። «አንቺ ባትሰሚልኝ ኖሮ እስከ ዛሬ ዓመት እነቅለው ነበር። ቃሌ ቃል ነው። አውቶቡሱ ላይ ቦታ ይዞልኛል።»

«እኔ ሰማሁ» አልኩት። «ሰምቼ ምን ሠራሁበት? ተናደድኩበት እንጂ። ለሌለ ስክሪን እንደሚያወራ ለእኔ ጨርሶ አልመጣልኝም። ያወቅኸው አንተ ነህ።»

«እሺ፤ ነገስ? ደንበኛ ጎንበስ ብሎ ሲያወራ ምን ልሁን? እንደ እንሽላሊት ራሴን እየነቀነቅሁ ልኑር? ነገ ሲስተር ስትመጣ አንቺ አናግሪያት። እኔ ከጎን ሆኜ አዎ አዎ እላለሁ። ከዚያ ልሂድ።»

ልቤ እሺ በይው አለኝ። ሩህሩህ ሚስት እሺ ትላለች። እኔ ግን አሰብኩበት፤ አንዴ እሱን ተክቼ ከተናገርኩ ዕድሜ ልኬን ስናገርለት ልኖር ነው፤ እሱም ዕድሜ ልኩን እጅጌውን ሲጠቀልል ሊኖር ነው።

«አላናግራትም» አልኩት። «የከፈተ ይዘጋል። ማስረከቡም ከመዝጋት ይቆጠራል።»

ክፉ አየኝ። ያን ቀን ቤታችን ውስጥ ብዙ ወሬ አልነበረም።

ሲስተር የመጣችው በማግስቱ፣ ሱቁን ከፍተን ብዙም ሳንቆይ ነው። እንደ ልማዷ እየተጣደፈች ገባች። ባሌ ሳጥኑን ፊቷ አቀረበላት። የትኛው ቀዳዳ ወደ ኢንተርኔት፣ የትኛው ወደ ኮምፒውተሮቻቸው እንደሚሄድ ነገራት፤ በየቀዳዳው ላይ ምልክት ለጥፎበታል። ላፕቶፑ ላይ ዘበኛው ሲፈትሽ አሳያት። ፊት ለፊት ስለቆመች የምትጠይቀውን ሁሉ ይመልስላታል፤ እንዲያውም አንዴ አሳቃት። እኔ ጥግ ላይ ፕሪንተር ፈትቼ የማላየውን ብሎን አያለሁ።

ሳጥኑን በጨርቅ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ልታስገባ ጎንበስ አለች። ጎንበስ እንዳለች፣ ከዚፑ ጋር እየታገለች፣ አንድ ነገር ጠየቀችው።

እኔ ሰምቻታለሁ። መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነው። ባሌ ቀና ብሎ አየኝ፤ ዓይኑ «እባክሽ» ይላል። ሲያየኝ በቆየባቸው ዓመታት ሁሉ እንደዚያ ቀን ለምኖኝ አያውቅም። ጥርሴን ነክሼ ፕሪንተሩ ላይ አቀረቀርኩ። ከዚያች ጥቂት ፋታ የከፋ ነገር በባሌ ላይ አድርጌ አላውቅም። አሁን ራሱን ነቅንቆ አዎ ይላታል፣ እሷም አመስግና ትወጣለች፣ እሱም ሻንጣውን ያነሳል ብዬ ጠበቅሁ።

«ይቅርታ፣ ሲስተር» ሲል ሰማሁት። «ጆሮዬ ይከብደዋል፤ አልሰማሁዎትም። ቀና ብለው ፊቴን እያዩ ይድገሙልኝ።»

ፊቱ እስከ አንገቱ ቀልቷል። ሲስተር ቦርሳዋን ትታ ቀና አለች። ከንፈሯን አልመጠጠችም፣ አልደነገጠችም፣ አልጮኸችበትም፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ሕመም ስታይ የምትውል ሴት ናት። አንድ እርምጃ ቀረብ አለችና ዓይኑን እያየች ቀስ ብላ ደገመችለት።

«ይህ ነገር ቢያስቸግረን ማንን ነው የማገኘው? እርስዎ ይኖራሉ ወይስ ባለቤትዎን ልጥራ?»

ባሌ እኔን አላየኝም፤ የሚያየው እሷን ነው። ከጠረጴዛው ላይ እስክሪብቶ አነሳ፣ ቁራጭ ወረቀት ቀደደ፣ ስልክ ቁጥሩን ጻፈበትና ሰጣት።

«እኔ አለሁ» አላት። «ብቻ አይደውሉልኝ፤ ይጻፉልኝ።»